ከበረዶ ሥር ስለሚነሳው ቫይረስ ብዙ ይወራል፤ የዋልታ የጤና ምርምር ጣጣ ግን ሌላ ነው

ኅዳር 12 ሲደርስ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች በጭስ ይሸፈናሉ። የካ አባዶም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባም ከገበሬው አጥር ሥርም ቆሻሻ ይሰበሰብና ይለኮሳል። «አጽዱ እንጂ አታቃጥሉ» የሚለው ምክር ቢበረታም ኅዳር መታጠኑ አልቀረም። መነሻው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ብሎ የሚጠራው ይህ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት።

የዚያ በሽታ ቫይረስ ሙሉ ገጽታው የታወቀው ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቁልፉ የተገኘው ደግሞ አላስካ ውስጥ፣ በረዶ በሆነ መሬት ከተቀበረች ሴት ሳንባ ነው።

አሁን አሁን ስለ በረዶና ቫይረስ ሌላ ወሬ በቲክቶክና በቴሌግራም ይዘዋወራል። «ሳይንቲስቶች ከበረዶ ሥር ዞምቢ ቫይረስ ቀሰቀሱ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ከዚያ ነው የሚመጣው» ይባላል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተነሳ አይደለም። ግን ዓይናችንን ወደ ተሳሳተ ቦታ ያዞራል። በዋልታ አካባቢ ያለው የጤና ምርምር የሚያሳስበው ዛሬ በሌላ ምክንያት ነው፦ ሥራው የቆመው በአገሮች ትብብር ላይ ነው፣ ትብብሩ ደግሞ እየተሰነጠቀ ነው። ጉዳዩም ሱሉልታና ሰበታ ላለ ሰው ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብሬቪግ ሚሽን፣ አላስካ

ብሬቪግ ሚሽን በአላስካ ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ኢኑፒያት የሚባሉ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከኅዳር 15 እስከ 20 ቀን 1918 ከነበሯት 80 አዋቂዎች 72ቱ ሞቱ። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 6 እስከ 11 ቀን 1911 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ሬሳ የሚቀብር ሰው ባጣችበት ሰሞን፣ በምድር ሌላ ጫፍ ያለችው መንደርም ባዶ ልትቀር ደርሳ ነበር። ሟቾቹ በአንድ የጅምላ መቃብር ገቡ። መሬቱ ፐርማፍሮስት ነው፤ ማለትም ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜ ግን ለሺህ ዓመታት፣ ሳይቀልጥ የቆየ መሬት።

በ1951 ዮሃን ኸልቲን የተባለ ስዊድን ተወላጅ ተማሪ ወደ መንደሯ ሄደ። መጀመሪያ ያደረገው የመንደሩን ምክር ቤት ማስፈቀድ ነበር። ተፈቀደለት፣ ቆፈረ፣ የሳንባ ናሙና ይዞ ተመለሰ። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ቫይረሱን ማግኘት አልቻለም። በ1997፣ ዕድሜው 72 ሲሆን፣ ጄፍሪ ታውበንበርገር የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ በተመሳሳይ ቫይረስ ላይ እየሠራ መሆኑን አነበበ። በራሱ ወጪ ተመልሶ ሄደ። አሁንም አስፈቀደ፤ የመንደሩ ሰዎችም በቁፋሮው አገዙት። ሁለት ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ የአንዲት ወፍራም ሴት አስከሬን አገኘ። የሰውነቷ ስብ ሳንባዋን ከመበስበስ ጠብቆት ነበር። ኸልቲን «ሉሲ» አላት። ስሙን የወሰደው አፋር ላይ ከተገኘችው፣ እኛ ድንቅነሽ ከምንላት ነው። መቃብሩን ከዘጋ በኋላም አርጅተው የወደቁትን መስቀሎች በአዲስ ተካ።

የቫይረሱ ሙሉ የዘረመል ንባብ በ2005 ተጠናቀቀ። ዛሬ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከእንስሳት ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር ስንነጋገር የዚያ ሥራ ውጤት አብሮ አለ።

ታሪኩ ሁልጊዜ እንዲህ ያማረ አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ አየር ኃይል ላቦራቶሪ ሰው ብርድን እንዴት እንደሚቋቋም ለማወቅ ከመቶ በላይ ለሆኑ የአላስካ ነባር ነዋሪዎች ጨረር አመንጪ አዮዲን ሰጥቶ ነበር። ምን እንደሚውጡ በቅጡ አልተነገራቸውም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የወጣ ገለልተኛ ሪፖርት የፈቃድ አሰጣጡን ተችቷል። ዛሬ ኢንዊት የሚባሉት የሰሜን ዋልታ ነባር ሕዝቦች ድርጅቶች «ናሙናው የእኛ፣ መረጃውም የእኛ ነው፤ ጥያቄውንም አብረን እናውጣ» ሲሉ ከኋላቸው ይህ ታሪክ አለ። የሰበሰበው የደም ናሙና ከአገር ወጥቶ ውጤቱ ሳይመለስለት የቀረ አፍሪካዊ ተመራማሪ ቅሬታውን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዞምቢ ቫይረሱና አባ ሰንጋ

የወሬው ምንጭ በ2014 ይፋ የሆነ ጥናት ነው። የፈረንሳይና የሩሲያ ተመራማሪዎች ከሳይቤሪያ ፐርማፍሮስት 30 ሺህ ዓመት የቆየ ግዙፍ ቫይረስ አግኝተው እንደገና እንዲራባ አድርገዋል። ይህ እውነት ነው። ቫይረሱ የሚያጠቃው ግን አሜባ የሚባለውን ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረት ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው አሜባ ላይ ብቻ የሚሠሩትም ሰው ላይ አደጋ እንዳይመጣ ነው። ቲክቶኩ ይህችን ዘልሏታል።

ከፐርማፍሮስት መቅለጥ ጋር በቅርቡ በስፋት የተያያዘው እውነተኛ ወረርሽኝ የመጣው ከቫይረስ ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው። በ2016 ክረምት በሰሜን ሩሲያ የያማል ልሳነ ምድር ሙቀቱ እስከ 35 ዲግሪ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሬንዲር የሚባሉት የበረዶ አካባቢ አጋዘኖች መሞት ጀመሩ። ከሁለት ሺህ በላይ አለቁ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ታመው አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሞተ። በሽታው አንትራክስ ነበር፤ እኛ አባ ሰንጋ የምንለው።

በምክንያቱ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ወገን ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው ይላል፦ መሬቱ ሲቀልጥ ድሮ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ቅሪት ወጣ፣ በውስጡ የተኛው ባክቴሪያም አብሮት። ሌላው ወገን ወደ ሌላ ቀን ይጠቁማል። በአካባቢው በሽታው ከ1941 ጀምሮ አልታየም ነበር። በዚህ የተነሳ የሬንዲሮቹ ክትባት በ2007 ቆሟል። ሁለቱ አስተያየቶች የሚጣሉ አይመስለኝም። ሙቀቱ በሩን ከፈተ፤ ክትባት ያልተከተበው መንጋ ደግሞ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ከሁለቱ ውስጥ ሰው በአንድ ዓመት ሊያስተካክለው የሚችለው ግን ክትባቱን ነው።

እዚህ ላይ ወደ ከተማችን ዳር እንምጣ። በበዓል ሰሞን ካራ ገበያ በሬ ይገዛል። አሥር አሥራ አምስት አባወራ ተዋጥቶ ቅርጫ ይገባል። በሬው ሠፈር ውስጥ ሸራ ወይም ቅጠል ተጎዝጉዞለት ይታረዳል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። አራጁ የሠፈር ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪም በቦታው የሚገኘው ስንት ጊዜ እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ከበሬዎቹ አብዛኞቹ ጤነኞች ስለሆኑ ምንም አይፈጠርም። አደጋው የሚመጣው ከብቱ ድንገት ሲዝለፈለፍና ባለቤቱ «ሳይሞትብኝ ይታረድ» ሲል ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ከአፍ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ሊወጣው ይችላል። ሥጋው ተከፍቶ ደሙ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ስፖር ይሠራል። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ራሱን በጠንካራ ልባስ ሸፍኖ የሚተኛበት ሁኔታ ነው። በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት መቆየት ይችላል፤ ለዚህ የግድ በረዶ አያስፈልገውም። ስለዚህ እንዲህ የሞተ ከብት አይከፈትም፣ ቆዳው አይገፈፍም፤ ለባለሙያ ተነግሮ በጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ሥጋውን ወይም ቆዳውን የነካ ሰው ቆዳው ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካየ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቶሎ ከተደረሰበት በተለመደ አንቲባዮቲክ ይድናል።

ምርመራውም ክትባቱም ከከተማው ብዙ አይርቅም። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሰበታ ነው፤ የእንስሳት ክትባት የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው። ያማል ላይ የታየው ነገር እዚህ የሚያስተምረው አንድ ጉዳይ ነው፦ በሽታው ለረጅም ጊዜ አለመታየቱ ክትባት ለማቆም በቂ ምክንያት አይደለም።

ትብብሩ እንዴት ይሠራል?

አርክቲክ በሚባለው ሰሜናዊ ዋልታ አካባቢ የሚኖረው ሰው በጠቅላላው 4 ሚሊዮን ያህል ነው። በስምንት አገሮች ተበታትኗል። ግሪንላንድ ብቻዋን 57 ሺህ ያህል ሰው ነው ያላት። ይህ ለጤና ምርምር ትልቅ ራስ ምታት ነው። አንድ በሽታ በዓመት አራት ሰው ቢይዝና በሚቀጥለው ዓመት ስምንት ቢይዝ በእጥፍ ጨመረ ይባል ወይስ የአጋጣሚ ነገር ነው? አንድ አገር ብቻውን መመለስ አይችልም።

መላው እንደ ዕቁብ ነው፤ ለየብቻ ምንም የማይሠራ ትንሽ ገንዘብ አንድ ላይ ሲሆን ቤት ያቆማል። በ1999 የተጀመረው የሰሜን ዋልታ ዙሪያ አገሮች የበሽታ ቅኝት በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ማዕከሉ አንኮሬጅ፣ አላስካ ያለ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ቅርንጫፍ ነው። ካናዳ፣ ግሪንላንድ፣ አይስላንድና የስካንዲኔቪያ አገሮች አሉበት። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ ይመዘግባሉ። ላቦራቶሪዎቹ ናሙና እየተላላኩ አንዱ የሌላውን ሥራ ይፈትሻል። ደረቅ ሥራ ነው፤ ለቪዲዮ አይመችም።

ውጤቱ ግን ለሌላውም ይተርፋል። የአላስካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ኒሞኮከስ በሚባለው፣ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር በሚያመጣው ባክቴሪያ ክፉኛ ይጠቁ ነበር። ክትባቱ በ2001 ሲገባ በሽታው ወዲያው ወደቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ክትባቱ የማይሸፍናቸው የባክቴሪያው ዓይነቶች ቦታውን መያዝ ጀመሩ። ይህ የታየው አስቀድሞ እያንዳንዱ ናሙና በዓይነት በዓይነቱ ይመዘገብ ስለነበር ነው። ኋላ ብዙ ዓይነት የሚሸፍን ክትባት መጣ። ኢትዮጵያ ፒሲቪ የሚባለውን የዚህኑ በሽታ ክትባት በ2011 ስትጀምር ከእንዲህ ያለ ቦታ የተጠራቀመ ዕውቀት ይጠብቃት ነበር።

በፖለቲካው በኩል የአርክቲክ ምክር ቤት አለ። በ1996 ተቋቁሟል። ስምንት መንግሥታት አባል ናቸው፤ ስድስት የነባር ሕዝቦች ድርጅቶችም ቋሚ ወንበር አላቸው። በሥሩ የሰውን ጤና የሚያጠኑ የባለሙያ ቡድኖች አሉ።

ደቡብ ዋልታ፣ አንታርክቲካ፣ ሌላ ዓለም ነው። ነባር ነዋሪ የለውም። በ1959 በ12 አገሮች የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት የምርምር ውጤት በነፃ እንዲለዋወጡ ያስገድዳል። ከፈራሚዎቹ አንዷ ብቻ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አፍሪካዊት ናት። እዚያ የሚጠናው ራሱ ተመራማሪው ነው፦ ለወራት ፀሐይ በማይታይበት፣ አውሮፕላን በማይደርስበት ቦታ ከተዘጋ ሰው ጋር የሚኖር ሰውነትና አእምሮ። በ1961 ሊዮኒድ ሮጎዞቭ የተባለ የሶቪየት ሐኪም በጣቢያው ያለው ሐኪም እሱ ብቻ ስለነበር የራሱን ትርፍ አንጀት ራሱ ቀዶ አውጥቷል። በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ በጀርመኑ ኖይማየር ጣቢያ 14 ወር የቆዩ ዘጠኝ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ለማስታወስ የሚያገለግል አንድ ክፍል በአማካይ 7 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ዘጠኝ ሰው! ከዚህ ላይ ብዙ መደምደም አይቻልም። ጣቢያዎቹ መረጃቸውን ካላጋሩ ግን ከዘጠኝ በላይ መቼም አይገኝም።

የእንጦጦ ከፍታ በአንታርክቲካ

ፈረንሳይና ጣሊያን አብረው የሚያስተዳድሩት ኮንኮርዲያ ጣቢያ 3,233 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የእንጦጦ ተራራ ጫፍም ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት በየዓመቱ አንድ ሐኪም ኮንኮርዲያ ልኮ በሰዎቹ ላይ ጥናት ያደርጋል። በእኩል ከፍታ የዋልታ የአየር ግፊት ከሌላው ዓለም ስለሚያንስ ሰውነት የሚሰማው ከፍታ ወደ 3,800 ሜትር ይሆናል። ኦክስጅኑ ያንሳል፤ እንቅልፍ ይረበሻል፤ ደም ይወፍራል።

ስለ ከፍታ ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ የዓለምን ሳይንስ አስገርሟል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይተዋል። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎችም ከቲቤቶችም የተለየ ነው። ሁሉም ኢትዮጵያዊ ከፍታ አይነካውም ማለት አይደለም፤ በቆላ አድጎ እንጦጦ ላይ የሮጠ ሰው ያውቀዋል። ሰውነት ለዘመናት ተላምዶ ከፍታን እንዴት እንደሚችል የሚታየው ግን እዚህ ነው። ድንገት ሲጣልበት እንዴት እንደሚንገዳገድ የሚታየው ደግሞ እዚያ። ሁለቱን መስኮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ እስከዛሬ የሚገባውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም።

ከቆላ የተረጨው መርዝ

ግንኙነቱ በሌላም በኩል አለ፤ ይኼኛው ደስ አይልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኩቤክ የሚኖሩ የኢንዊት እናቶች የጡት ወተት ተመረመረ። ፋብሪካ በሌለበት በረዶ ውስጥ የሚኖሩት እናቶች ወተት ፒሲቢ የሚባለውን የኢንዱስትሪ ኬሚካል በደቡብ ካሉት እናቶች አምስት እጥፍ ያህል ይዞ ተገኘ። ፒሲቢና ዲዲቲን የመሰሉ ኬሚካሎች በሙቅ አገር ይተናሉ፣ በነፋስ ይጓዛሉ፣ ብርድ ሲያገኙ ይወርዳሉ። ከዚያ በስብ ውስጥ ይከማቻሉ፦ ከዓሣ ሲል ወደሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ ከሲል ወደ ሰው።

ይህ ግኝት በ2001 ለተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ትልቅ ግፊት ሆኗል። በድርድሩ ዲዲቲ ሙሉ በሙሉ እንዲታገድ የፈለጉ ነበሩ። ወባ ያለባቸው አገሮች ደግሞ «ልጆቻችንን በምን እናድን?» አሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ስምምነቱ ዲዲቲ ለወባ ትንኝ መከላከያ ብቻ እንዲፈቀድ አድርጎ ጨረሰ። ኢትዮጵያም ለአሥርት ዓመታት ለወባ ቤት ውስጥ ስትረጨው ኖራለች። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ከነበረው ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ብዙው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ ተቃጥሏል። ፊንላንድ ከአርክቲክ አገሮች አንዷ ናት።

ምን ተሰነጠቀ?

በመጋቢት 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ ከስምንቱ የአርክቲክ ምክር ቤት አባላት ሰባቱ ሥራቸውን ለጊዜው አቆሙ። በወቅቱ ሊቀመንበሯ ራሷ ሩሲያ ነበረች። የአርክቲክ ባሕር ዳርቻ ግማሽ ያህሉ፣ ከሕዝቡም ግማሽ ያህሉ ሩሲያ ውስጥ ነው። ያማልም እዚያ ነው።

የዚህን ትርጉም ላስረዳ። አርክቲክ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። መሬቱ በሰፊው እየቀለጠ ያለው፣ የአባ ሰንጋ መቃብር የበዛውም ሩሲያ በኩል ነው። ከዚያ የሚመጣው መረጃ ሲቀጥን ካርታው ግማሹ ይጨልማል።

«ወረራ ከፈጸመ መንግሥት ጋር እንደ ወትሮው ቁጭ ብሎ መነጋገር አይቻልም» የሚለው ክርክር ክብደት አለው። የሩሲያ መንግሥት ተቋማት ከጦርነቱ ተለይተው አልቆሙም። «በሽታ ድንበር አያውቅም፤ ቢያንስ የጤና መረጃ ይቀጥል» የሚሉትም አሉ፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ አሜሪካና ሶቪየት በፖሊዮ ክትባትና በፈንጣጣ ማጥፋት ላይ አብረው መሥራታቸውን ያስታውሳሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የወረርሽኝ ምዝገባ ለማንም መንግሥት ሽልማት አይደለምና። በተግባርም ነገሩ ወደዚያው ያዘነበለ ይመስላል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የምክር ቤቱ የባለሙያ ቡድኖች በኢንተርኔት ስብሰባ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ሚኒስትሮች ግን እንደ ድሮው አይገናኙም።

ሌላው ስንጥቅ ከምዕራቡ ወገን ውስጥ ነው። አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት ለመውጣት በጥር 2025 ወሰነች። የዴንማርክ ራስ ገዝ ግዛት በሆነችው በግሪንላንድ ጉዳይ ከዴንማርክ ጋር የተነሳው ንትርክም አለ። የቅኝት ሥራው ማዕከል አንኮሬጅ ላይ፣ ግሪንላንድ ደግሞ አባል በሆነችበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለኢትዮጵያ ምን አገባት?

«ወባና ኮሌራ ሳናጠፋ ስለ በረዶ ምን አስጨነቀን?» የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት ይከብዳል። ኢትዮጵያ አንታርክቲካ ላይ ጣቢያ ትሥራ የሚል ጤነኛ ሐሳብም የለም። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚሁ በሚሠራ ሥራ ማን ከማን ጋር ይጋራል በሚለው ላይ።

ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር ዘነበወርቅ አለ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 ከአለርት ሆስፒታል ጎን ሲቋቋም ቦታው ከከተማው ወጣ ያለ ነበር። ያቋቋሙት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። ስያሜው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው የኖርዌዩ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ሁለቱም አገሮች የአርክቲክ ምክር ቤት አባላት ናቸው።

ቀጣዩ፣ አምስተኛው፣ ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት በ2032 እና 2033 እንዲካሄድ ታቅዷል። የመጀመሪያው በ1882 ሲጀመር የሚለካው አየርና መግነጢስ ነበር፤ የሰው ጤና ራሱን ችሎ ርዕስ የሆነው በ2007 እና 2008ቱ ላይ ነው። የጥናት ርዕሶቹ የሚረቀቁት ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ለመግባት የሚቀርበው በር የከፍታው ጉዳይ ይመስላል፤ ላቦራቶሪውም፣ ተራራውም፣ ከስካንዲኔቪያ ጋር ያለው የግማሽ ምዕት ዓመት ትውውቅም እዚሁ አዲስ አበባ ዳር አለ።